ለገበሬ ብቻ ነው የተባለው ቤት

በረዶው ሲለቅ ከሴንት ፖል ወደ ምሥራቅ ወጣ ካሉ ገበሬው እርሻው ላይ የከብት ፍግ የሚበትንበት ወቅት ነው። በቀደም ልጄ ዳዊት እየነዳ፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ፣ ያ ሽታ መኪናው ውስጥ ዘው ብሎ ገባ። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማም!» ብሎ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል «ተወው፣ አትዝጋው» አልኩት። እብድ ያየ ያህል አየኝ። ለእሱ ፍግ ነው፤ ለእኔ ባሌ አበራ ነው። አበራ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ጌታሁን ሳይጠሩት ይከተላል። ጌታሁን ከመጣ ቀኔ ተበላሸ ማለት ነው። ሰው ሲያረጅ ቂሙ ይበርድለታል የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። የእኔ የበረደው ጉልበቴ ነው፤ ቂሜ ትኩስ ነው።

ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡር የሚባል ነገር አልነበረም። አውቶቡሱ እያቃሰተ ይመጣል፤ ሹፌሩ ወፍራም ጥቁር ሰው ነበር፣ የሥራ ልብሴን አይቶ «እንዴት አደርሽ ነርስ» ይለኛል። ነርስ አልነበርኩም፤ አዛውንቶች ቤት አጣቢና አልባሽ ነበርኩ። ልብሴ ትንንሽ አበባ ያለበት ሰማያዊ ነው፣ ነጩን ጫማ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በሦስት ዶላር ነው የገዛሁት፣ ዓመት አገልግሎኛል። ቤንዚን ከአንድ ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። የምንኖረው ከአንድ የቬትናሞች ሱቅ በላይ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ፣ አምስት መቶ ዶላር፣ ልጆቹ ሳሎን የሚተኙበት። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ከእንጨት የተሠራ፣ መሃሉ ላይ የሚታጠፍና ጠባብ ነበር፤ ሶፋችንን ስናወጣ አንድ እግሩን ቆርጠን ነው ያሳለፍነው። አበራ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ቡናማ የቆዳ ቆብ ነበረችው፣ በበጋም በክረምትም ከራሱ የማትወርድ። ታክሲው ውስጥ አንዲት የክራር ካሴት ነበረች፤ ክሯ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ መልሶ ያጫውታታል። ተሳፋሪዎቹ ምን እንደሚሉ ስጠይቀው «ዝም ይላሉ፤ ጥሩ ቲፕ የሚሰጡት ግን ዝም ያሉት ናቸው» ይለኝ ነበር።

መስኮታችን ላይ በባዶ የቀለም ባልዲ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ተክሎ ነበር። ጉለሌ ያደገ የከተማ ልጅ ነው፣ አፈር መውደዱን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ጌታሁንም የጉለሌ ነው። አጥር ለአጥር አብረው አደጉ፣ ሠርጋችን ላይ ሚዜያችን ነበር፤ የሠርጌ ፎቶ ላይ ከባሌ ቀጥሎ በደንብ የታየው እሱ ነው፣ አንዳንዴ ከባሌም በላይ። ሚኒሶታ ከእኛ ቀድሞ ገባና ቤት አሻሻጭ ሆነ። ሰናፍጭ የመሰለ ኮት፣ የወርቅ ቀለም ያላቸው ቁልፎች፣ ጫፉ የሾለ ጫማ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። ቀበቶው ላይ የሰካት ስልክ በጮኸች ቁጥር «ኤክስኪውዝ ሚ፣ ክላየንት ነው» ብሎ ይነሳል። እኛም እናከብረው ነበር፤ ከመሃላችን ኮት ለብሶ ሥራ የሚሄድ ሌላ ሰው ስላልነበረን።

ለፋሲካ በግ የምንገዛው ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ነበር። ሦስት አራት ቤተሰብ ተሰብስበን፣ ቢላዋና ገመድ ጭነን እንሄዳለን። ገበሬው ረጅም ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ወንዶቹ በስመ አብ ብለው ሲያርዱ ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል፣ ሚስቱ የውሃ ጎማ ትዘረጋልናለች። አንድ ዓመት ከዚያ ስንመለስ፣ ትንሽዬ ከተማ ውስጥ፣ አረንጓዴ ጣሪያ ያላት ነጭ ቤት «ለሽያጭ» የሚል ምልክት ተተክሎባት አየን። አበራ መኪናውን አቆመ። በአዲሱ ሱሪው ተንበርክኮ አፈሩን በእፍኙ ዘገነና አሸተተው።

«አስካለ፣ ነይ እይ እስቲ፤ ጥቁር ነው። ይሄ ነጭ ሽንኩርት ቢተክሉበት ጭንቅላቱ እንደ ሎሚ ይሆናል።»

«ተነስ፣ ፖሊስ ይጠሩብናል» አልኩት። እሱ ግን በመስኮት እያጮለቀ መኝታ ቤቶቹን ይቆጥር ነበር። ደረጃ የላትም፤ ከመኪና ወርደህ በእግርህ ወደ ሳሎን ነው። ገበሬው ቀደም ሲል እንደነገረን እንደዚህ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ቤት ለሚገዛ ሰው መንግሥት ዋስ ይሆናል፣ ባንኩም ያለ ቅድሚያ ክፍያ ያበድራል። እኛ ደግሞ የወር ክፍያ እንችላለን፤ የሌለን ያ በአንድ ጊዜ የሚቆጠረው ብር ነው። እስከ ሴንት ፖል ድረስ ስለ አጥሩ ቀለም ስንከራከር መጣን።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ጌታሁንን ጠየቅነው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ሁላችንም የምንሰበሰብባት አንዲት የአበሻ ምግብ ቤት ነበረች፤ ጠረጴዛዎቿ የሚነቃነቁ፣ የቢራ ካርቶን ታጥፎ ከእግራቸው ስር የሚገባላቸው። አበራ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። ጌታሁን ጉርሻውን አላምጦ ሳይጨርስ ሳቀ።

«የቱን? የገጠሩን ብድር? ወንድሜ፣ እሱ እኮ ለገበሬ ብቻ ነው! ማረሻ አለህ? በሬስ?» ከዚያ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ዞሮ «ስሙማ፣ አበራ ሊያርስ ነው!»

«ጅራፉን ማን ይይዝለታል?» አለ አንዱ ከወዲያ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አበራም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ጌታሁን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «ይልቅ እዚሁ አጠገባችን ውድበሪ ከተማ አሪፍ ታውንሃውስ አለኝ። ዳውን ፔይመንቷን ከዘመድ ፈላልጉና አምጡ፣ ሌላውን እኔ ሃንድል አደርገዋለሁ» አለ። የምንፈልገው ዘመድ አልነበረንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌ «ገበሬው» ሆኖ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ገበሬው፣ ልደት ቤት ገበሬው፣ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ገበሬው።

ለምን ሌላ ሰው አልጠየቃችሁም ትሉ ይሆናል። የአዲስ አበባ ሰው ያልሆነ ይሄ አይገባውም። እኛን ሌባ በለን፣ እንስቃለን፤ ባላገር ስትለን እናብዳለን። አንድ ስልክ መደወል ነበር የቀረን። ግን በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቢሮ ደውሎ ስለ ገጠር ብድር የሚጠይቅ፣ ሁለተኛ የሚሳቅበት ማን ነው? ደግሞስ ሚዜያችን ነው። ሚዜ ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እዚያው ደረጃ ላይ ቀረን። ስድስት ክረምት። የአበራ ደረት ከዓመት ዓመት እየባሰ ሄደ፤ መጀመሪያ ከላይ ደርሶ ነበር የሚያርፈው፣ ቀጥሎ መሃል ላይ፣ በኋላ አንድ ወንበር ደረጃው መታጠፊያ ላይ አስቀመጥኩለት። የገበያ ከረጢት ታቅፎ እዚያ ቁጭ ብሎ ከሥራ ስመለስ አገኘዋለሁ። «ምን ትሠራለህ?» ስለው «ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነው» ይለኛል። ሐኪሙ «ደረጃ የሌለው ቤትና ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል» አለ። ሐኪሙ ይህንን ሲናገር አበራ ወደ እኔ አላየም። ሁለታችንም ያን አረንጓዴ ጣሪያ እያሰብን መሆኑን ግን አውቃለሁ።

በስድስተኛው ክረምት ማግሥት፣ በዚያው የበግ ጉዞ፣ የገበሬው ሚስት ጎማዋን እየጠቀለለች «ያን ቤት ገዛችሁት?» አለችኝ። «እኛ ገበሬ አይደለንም» አልኳት። አልገባትም። በእጄ የማረስ ምልክት እያሳየሁ አስረዳኋት። ሴትዮዋ ሳቋ ሲያይልባት የወተት ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«የእኔ ልጅ ፀጉር አስተካካይ ናት» አለች። «በዚያው ብድር ነው ቤት የገዛችው። እንኳን ልታርስ፣ ላም አልባ አታውቅም።»

ሰኞ ደወልኩ። የባንኳ ሴት ገቢያችንን ጠየቀችኝ፣ ስንት ሰው እንደሆንን፣ የት እንደምንሠራ፣ ክሬዲታችንን፣ ሌላ ቤት እንዳለን። እኔ የማረሻውን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነው። አልመጣም። በመጨረሻ «ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?» ስትለኝ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ እሷም ደንግጣ «ማዳም፣ ኢት ኢዝ ጉድ ኒውስ» ትለኛለች።

አረንጓዴ ጣሪያዋ ቤት ሌላ ሰው ገብቶባታል፤ ቡናማ ቀብተዋታል። እኛ ከዚያች ጥቂት ማይል ራቅ ብላ ያነሰች ቤት አገኘን። ገና በገባን በወሩ መጋዝና ምስማር መሸጫ ውስጥ የጌታሁንን የሚስቱን ወንድም አገኘነው፤ ትራክ ነጂ ነው፣ የዋህ ሰው። «እንዴ፣ እናንተም መጣችሁ? እኔ እኮ ስድስት ዓመቴ ነው። ጌታሁን ነው በዚያ ብድር ያስጨረሰልኝ» አለ እየሳቀ። በዚያው ፀደይ! እኛን በሬ አለህ ወይ ባለበት አፉ ለአማቹ ወረቀት ያስፈርም ነበር። ለእኛ የነበረው ውድበሪ ያለችው ታውንሃውስ ናት፤ እሷ ላይ የሚያገኘው ኮሚሽን ይበልጥ ነበር።

ያን ቀን ጌታሁን ዘንድ ልሄድ ቁልፍ አንስቼ ነበር። አበራ ቁልፉን ከእጄ ወሰደው። «ተይው። ለእግዚአብሔር ስጪው» አለኝ። ሰጠሁት። እግዚአብሔር ሲዘገይ ግን መልሼ ወሰድኩት።

አበራ በዚያ ቤት ሁለት በጋ ኖረ። ሁለት ብቻ። ከእርሻ ዳር ድንጋይ በጋሪ እየለቀመ አመጣና የነጭ ሽንኩርቱን መደብ ክብ አድርጎ ከበበው። እያንዳንዱን ድንጋይ እያገላበጠ፣ ከጎረቤቱ እስኪገጥም፤ አንዱን አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ያየዋል። ሳሉም ቀነሰ። ጠዋት በቁምጣና በቆቡ ወጥቶ ጓሮ ሲቆም የመንደሩ ሰዎች ከመኪና እጅ ያውለበልቡለታል። በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ልቡ ቆመ። ለቅሶው ላይ ጌታሁን ተነስቶ ንግግር አደረገ። አልቅሶ «ወንድሜ፣ ገበሬው» አለ። በባሌ ሬሳ ላይ ያቺን ስም ጠራት፤ ሰዉም በእንባው መሃል ፈገግ አለ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። የቤት ዋጋ በየቦታው የወደቀ ጊዜ የጌታሁን ኮትም ስልክም ቤትም አብረው ሄዱ። በቅርቡ ደግሞ ጉልበቴ በረዶ አካፋ አልሸከም ሲለኝ ዳዊት «ማም፣ ጀስት ከም ሊቭ ዊዝ አስ» አለኝ፤ ውድበሪ ነው ያለው። ቤቷን ለሽያጭ አወጣናት። የምታሻሽጥልኝ ልጅ ሁለት ገዢ መጥቷል ብላ ደወለች፤ ዋጋቸው አንድ ነው። አንዱ ከላኦስ የመጡ የሞንግ ቤተሰብ ናቸው፣ ባልና ሚስት፣ ልጆችና አያት፤ አያትየዋ አትክልት አምርታ ሴንት ፖል ገበያ የምትሸጥ። ሌላው ጌታሁንና ሚስቱ ሮማን ናቸው። «በየትኛው ብድር?» ብዬ ጠየቅኳት። «የመንግሥት ዋስትና ባለው፣ በገጠሩ» አለች። ስልኩን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ።

የማን ቤት እንደሆነ መጀመሪያ አላወቁም ነበር። ሊያዩ ሲመጡ ሮማን ግድግዳው ላይ የአበራን ፎቶ አየች። ያለ ሽማግሌ ሚኒሶታ ውስጥ ቤት የሚገዛ አለ ወይ ብትሉኝ፣ የእኛ ሰው አይገዛም። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ደወሉ፤ በእድራችን ለእርቅ የሚላኩት እሳቸው ናቸው። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ ብለን ልንጠይቅሽ» አሉ። «ቤት ለእንግዳ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ስልኩን ዘጋሁና ለአሻሻጯ ደወልኩላት። «ለሞንጎቹ እፈርማለሁ። ዛሬውኑ አምጪው» አልኳት። ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ፈረምኩ፤ ከዚያ ለነገ እንግዶቼ ዶሮ አወጣሁ።

እሑድ ሦስት ሆነው መጡ፦ ጋሽ ወልዴ፣ የንስሐ አባቴ አባ፣ እና አስመራ በአማርኛ የተማሩት አቶ ተስፋይ። በሩን አልፈው ቆሙ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «የመጣንበትን ሳትሰጪን ወንበርሽን አንነካም። ሰው በድሎሻል። እግርሽ ላይ ልንጥለው ይዘነው መጥተናል። ሚዜሽ ነው፣ አስካለ።»

«እኛን ሽማግሌዎቹን አታሳፍሪን» አሉ አቶ ተስፋይ።

አባ መስቀላቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። «በእኔ ላይ ያደረገውን ይቅር ብያለሁ። ይግባ» አልኩ። ጌታሁን ከነሮማን ከመኪናው ወጣ። በሩ ላይ ሳየው ሸብቷል፣ ከስቷል፣ ሸሚዙ ግን ተተኩሷል። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ጋሽ ወልዴ ደንቡ አይጉደል ብለው አዘውት ኖሮ፣ የሚኒሶታ መንገድ ላይ ደግሞ ድንጋይ አይገኝ፣ ዞር ዞር ብሎ ከጓሮዬ አንስቷል። ከአበራ መደብ።

«ከየት ነው ያነሳኸው?» አልኩት።

«ከዚህ... ከውጭ ነው፣ አስኩ።»

«መልሰው። በነበረበት ቦታ።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የይቅርታ ድንጋይ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «አይደለም፣ የባሌ ነው» አልኳቸው። ጌታሁን ወደ ጓሮ ሄደ፣ ሽማግሌዎቹም ሮማንም ተከተሉ። በረዶው ገና የለቀቀ ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ድንጋዩን አስቀመጠው፤ አልገጠመም። አዞረው፤ አልገጠመም። በመጨረሻ በዚያ በተተኮሰ ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እኔ በረንዳ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆምኩ። «በሌላ ጎኑ» እለዋለሁ። ያዞረዋል። «አይደለም፣ ሹል የሆነው ወደ ውስጥ ነው።» ያዞረዋል። ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ ልጆቼን የወለድኩ ቀን እንኳ ከምጥ ጋር ነው ደስ ያለኝ፣ ይሄ ግን ምንም ያልተቀላቀለበት ደስታ ነበር። ሲገጥምለት እጁን አስታጠብኩትና ማዕድ አቀረብኩ።

በሉ፣ መረቁኝ፣ ጌታሁንም ጉልበቴን ሳመ። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እርቁ እንዲጸና የቤቱም ነገር...»

«ቤቱ እኮ ትናንት ተሸጧል ጋሼ።»

«ትናንት? ለማን?»

«ለገበሬ» አልኩ።

ጌታሁን ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ሮማን ግራ ተጋብታ እኔንም እሱንም ታያለች። «የምን ገበሬ ነው?» አለች። «ባልሽን ጠይቂው፣ መንገዱ ረጅም ነው» አልኳት። ሲወጡ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ቶሎ አልሄዱም። በመስኮት አያለሁ፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ መሪውን ይዞ ፊት ፊቱን ያያል።

ከዚያ ወዲህ አባ አያቆርቡኝም። ውድበሪ ከልጄ ጋር ነኝ፣ እሑድ እሑድ ዳዊት ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል፣ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ ሌሎቹ ለቁርባን ሲቀርቡ እኔ እቀራለሁ። በዚህ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ አባ ጠሩኝ።

«አስካለ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ይቅር ብያለሁ ብለሽን ነበር።»

«ብያለሁ አባ። የእኔን።»

«ጌታሁን ታሟል አሉ። ደረቱን ነው። ቢሞትስ?»

«ቀብሩ ላይ እገኛለሁ፤ እድርተኛ ነን። ንፍሮውንም እኔ እቀቅላለሁ።»

«ይቅርታውስ?»

ጥቂት አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ በደንብ አሰብኩ፤ ለመቁረብ ስል ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር።

«የእኔ ቢሆን እሰጠው ነበር አባ» አልኳቸው። «ስድስቱ ክረምት ግን የአበራ ናቸው። እዚያ ሲደርስ እሱን ይጠይቀው።»